ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ውሃ

ዛሬ ጠዋት ፍኖተ ሰላም በተከራየሁት ክፍል የቧንቧ ውሃ ቀድቼ ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋ የክሎሪኑ ሽታ ሰነፈጠኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ ብትኖር ብርጭቆውን ደፍታ በወይራ ታጥነው ነበር።

ያደግሁት ከማንኩሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ምንጩን ከከብቶች ጋር ስለምንጋራው በጋ ላይ ይደፈርሳል፤ ውሃ ማጥራት ደግሞ እንደ ወጥ አሠራር በየቤቱ ልዩ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ደራርባ እንስራው አፍ ላይ ታስርና ታጠልላለች፤ ጉድፉና አልቅቱ ነጠላው ላይ ይቀራል፣ የሆድ ቁርጠቱ ግን ከውሃው ጋር ይወርዳል። ጎረቤታችን እታገኝ አፍልታ ስለምታጠጣ ልጆቿ ሆዳቸውን አይታመሙም፤ ዳሩ ግን ውሃዋ ጭስ ጭስ ይላል፣ እንጨቱንም አልቻለችውም። ጤና ኤክስቴንሽኗ የሰጠችን ክሎሪን ከሁሉም ይፈጥናል፤ እናቴ ሽታውን አጠፋለሁ ብላ እንስራውን በወይራ ስታጥነው ግን ውሃችን ጠላም ክሊኒክም የሚሸት ሆኖ አረፈው።

በመጨረሻ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሌላ ዘዴ አስተማረችን፤ በነጠላ የጠለለውን ውሃ ጥርት ባለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ማስመታት። እናቴ እንደ በርበሬ ማስጣት ስለመሰላት ወደደችው። አባቴ ጠርሙሶቹን ከቡሬ ገበያ አመጣ፤ ቀላሏ እኔ ስለነበርሁ ጣራ መውጣቱ ለእኔ ተሰጠኝ። እዚያ ላይ ማንም ስለማያናግረኝ፣ ሰው ለምፈራው ለእኔ ገነት ነበር።

ያላሰብነው የመንገደኛውን ዓይን ነው። በእኛ አገር በጠርሙስ ጥርት ብሎ የሚታይ ነገር አረቄ ነው። ጊዜው ዐቢይ ጾም፣ አባቴ ደግሞ ቄስ። ገበያተኛው በአጥራችን ስር ቆም እያለ ስንት እንደምንሸጥ ይጠይቀኝ ጀመር፤ እኔ መልስ ከመስጠት ይልቅ ወርጄ ጓዳ ስለምሮጥ፣ የቄሱ ልጅ የምትደብቀው ነገር አለ ተባለ። ወሬውን በሰፈሩ ያዞሩት አያ አንሙት ነበሩ፤ አረቄ ወዳጅነታቸውን አገር የሚያውቀው ሽማግሌ። ከአባቴ የንስሐ ልጆች አንዳንዶቹ ሌላ የነፍስ አባት ሊይዙ ነው የሚል ነገር ሲሰማ አባቴ ምግብ አልበላ አለው። የእነዚያን ቤቶች ሙታን የፈታ፣ ልጆቻቸውን ያጠመቀ እሱ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ሁሉ ወደ ቤቴ ኑልኝ ብሎ ጠራ። ግቢያችን ሞላ። ወዲያው እኔን ጠርቶ ጠርሙሶቹን እንዳወርድ አዘዘኝ። ያ ሁሉ ዓይን እያየኝ፣ በቀሚሴ ጉያ አቅፌ ወረድሁ። ፀሐይ የዋለበት ውሃ ደረቴን እንደ ጥጃ ትንፋሽ ያሞቀኝ ነበር። መጀመሪያ ለአያ አንሙት ቅጂ ተባልሁ። አሸተቱ፣ ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባቴ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደካማ አረቄ ገጥሞኝ አያውቅም።»

አባቴ ፊቱን ሳይፈታ «እንግዲያው ቀኖናዎ ይኸው ነው። እስከ ፋሲካ ከዚህ ሌላ እንዳይቀምሱ» አላቸው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅ ፈረሱ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አያ አንሙት ራሳቸውን እየነቀነቁ ጽዋውን ዘረጉልኝ፤ ድገሚኝ፣ ቀኖናው ከተጀመረ አይቀር አሉኝ። ሲወጡ ሁሉም የአባቴን መስቀል ተሳልመው ነው የወጡት።

ፋሲካ ሳይደርስ ቆርቆሮ ያለው ቤት ሁሉ ውሃ አሰጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ሲያዩት መንደሩ ያብለጨልጭ ነበር፤ ከሁሉም የአያ አንሙት ጣራ ይብሳል። እታገኝም ከእንጨቱ ተገላገለች፤ ክረምት መጥቶ ደመናው ሲከብድ ግን ሁላችንም ተመልሰን የእሷን ዘዴ ያዝን።

አሁን ውሃው ከግድግዳ ይወርድልኛል፤ ማጥለልም፣ ማፍላትም፣ ማስጣትም የለም፤ ተመስገን ነው። ቢሆንም ዛሬ ሽታው አላስችል ብሎኝ አንድ ጠርሙስ ሞላሁና አከራዬን አስፈቅጄ ቆርቆሮው ላይ አጋደምሁት። ራሴም ደጃፍ ላይ ተቀመጥሁ። እስከ ማታ ስንቱ መንገደኛ በስሩ አለፈ፤ ቀና ብሎ ምንድን ነው ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።

እኔ ግን ዛሬ አልሮጥም ነበር፤ መልሱንም «ደካማ አረቄ ነው» ብዬ አዘጋጅቼ ነበር።