የተበላሸው ሁሉ ለጌታ

የሰፈራችን አናጺ ውሃ ልክ ይባላል። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱ የሚያስታውሰው መታወቂያ ሲያሳድስ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ያቺን መሃሏ ላይ የአየር አረፋ የምትዋኝባትን መለኪያ ንቆ ስለማይነካት ነው። "ዓይን እያለኝ አረፋ ልጠይቅ?" ይላል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ያስተኛና፣ እንቁላል ቢያስቀምጡበት እስከ ዕለተ ምጽአት እንደማይንከባለል ይምላል። እውነቱን ለመናገር ከአሥር ዕቃ ዘጠኙ ላይ እንቁላሉ አይንከባለልም። የኛ ጉዳይ ከአሥረኛው ጋር ነው።

አሥረኛው ዕቃ ሲበላሽ ውሃ ልክ እንደ ሌሎች አናጺዎች አይሳደብም፣ መዶሻም አይወረውርም። ሰጋቱራውን ከእጁ ያራግፍና "ይቺ የጌታ ናት" ይላል። በቃ። ዕቃዋ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከቫርኒሽ ጣሳዎቹ አጠገብ ትቆምና እሑድ ጠዋት በጋሪ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ስለዚህ ሥራ በዝቶበት እጁ በቸኮለ ዓመት ልግስናው ዳር ድንበር የለውም፤ በጥንቃቄ በሠራበት ዓመት ግን ቤተ ክርስቲያን አንድ በርጩማ እንኳ አታገኝም።

አዳራሻችን እንግዲህ በዚህ ሰው ቸርነት ተሞልቷል። አትሮኖሱ ከልኩ አንድ ክንድ ስለረዘመ ሰባኪያችንን ከግንባሩ በታች ያየው የለም፤ እሱ ያጋባቸው ባልና ሚስት መንገድ ላይ ቢያገኙት ሰላም አይሉትም። የመዝሙር መጻሕፍቱ ቁም ሳጥን የሚከፈተው አንድ ዘማሪ ሲገፋ ሁለት ሲጎትቱ ነው። ይሁንና በየስጦታው አስተናባሪው ይነሳና "ወንድማችን ዛሬም አልረሳንም" ይላል፤ ጭብጨባው ጣራውን ይነቀንቀዋል፤ ውሃ ልክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ አንገቱን ይደፋል። ያን ጭብጨባ እንደ ቁርስ ለምዶታል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም።

"አንተ ሰው" አለችው አንድ ቀን፣ "እጅጌው የተጣመመ ኮት ብሰፋልህ ትለብሰዋለህ?"

"ለምን እለብሳለሁ? ፈትተሽ ትሰፊዋለሽ እንጂ።"

"ለጌታስ ለምን አትፈታለትም?"

"ጌታ የሚያየው ልብ ነው።"

"እኔም የፈራሁት እሱን ነው" አለችና ክሯን በጥርሷ በጠሰችው።

ከስጦታዎቹ ሁሉ ረጅሟ ከመስኮቱ ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ነበረች። የግራ እግሮቿ ከቀኞቹ በሁለት ጣት ያጥራሉ። እዚያች ላይ ድፍን አራት ዓመት የተቀመጡት እማማ አዋላጅ ናቸው፤ ውሃ ልክን ጨምሮ የሰፈሩን እኩሌታ በእጃቸው የተቀበሉ፣ የሌላውን እኩሌታ እናቶች የገሠጹ አሮጊት።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዘራ ይዘው ወርክሾፑ መጡ። ከዚያ በፊት ከዘራ ይዘው አይቷቸው አያውቅም።

"ልሰናበትህ ነው የመጣሁት ልጄ።"

"የት ሊሄዱ ነው እማማ?"

"የትም አልሄድ። ከእንግዲህ ቤቴ ነው የምጸልየው። ወገቤ ከድቶኛል።" በእጃቸው ወደ ግራ አሳዩት። "ቤቴ ስቀመጥ ደህና ነኝ። የእግዚአብሔር ቤት ስገባ ግን ሰውነቴ ያዘነብላል። ሁለት ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ አንዱ ጆሮዬን አየ፣ አንዱ ጉልበቴን መታ፣ ምንም የለብዎትም አሉኝ። እንግዲያው የነፍስ ነው አልኩ። ኃጢአቴን ስለቅም ሰነበትኩልህ። ሰባት ዓመቴ ላይ ከአክስቴ ቤት የሰረቅኩት ስኳር እንኳ አልቀረኝም። ወገቤ ግን አልቀና አለኝ። ባለፈው እሑድ ከዳር ተንሸራትቼ ልወድቅ ስል ጎረቤቴ በቀሚሴ ያዘችኝ። ጸሎት መሃል ተዘርሬ ሰው ከማስቅ መቅረት ይሻላል።"

ውሃ ልክ አፉን ከፈተ። ሦስት ምስማር ከንፈሩ መሃል እንደያዘ ረስቶት ነበርና ምስማሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ።

እማማ አዋላጅ ከቦርሳቸው የሱፍ ሹራብ አወጡ። "ይህ ያንተ ነው፤ ስለዚያች ወንበር ማመስገኛ። ክሩን የገዛሁት ለራሴ ነበር፣ ለብርዱ። አንተን እያሰብኩ ስጀምረው ግን ጣቶቼን ደስ አላቸውና ማቆም አቃተኝ። እጅጌውን ሁለቴ ፈትቼዋለሁ፤ ብብቱ ሥር አንዲት የክር ዐይን ዘልዬ ነበር።"

"ብብት ሥር ማን ያየው ነበር እማማ?"

"እኔ አይቼዋለሁ።"

ሹራቡን ተቀበለ። ከመክበዱ የተነሣ መጋዙንና መላጊያውን አስረው የሰጡት መሰለው። በመጨረሻ ያወጣው ቃል "ይቺን እሑድ ብቻ ይምጡልኝ" የሚል ነበር። አዋላጇ ለአንድ ቀን ምንም አይደለም ብለው ሄዱ።

ወርክሾፑ ውስጥ ከግድግዳው ጋር የቆመ ቀይ ሳንቃ አለ። ውሃ ልክ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጠውና ለደንበኛ ሲያሳየው እንጂ ሲሸጥ አልታየም፤ ለእርጅናው ባለመደገፊያ ወንበር ሊሠራበት ነው። ለአዲስ አግዳሚ ወንበር እንጨት ሲመርጥ መጀመሪያ ዓይኑ ከሳንቃው አልፎ ወደ ተራ ጣውላዎቹ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ቀጥሎ በቀይ ሳንቃ ቢሠራት ጭብጨባው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማሰብ ጀመረ፤ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ሲለማመድ ራሱን አየና አፈረ። ሳንቃውን አወረደና መላግ ጀመረ።

ምን እንደነካው እንጃ፣ ከመላጊያው ሥር ቀዩ ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወጣ ማፏጨት ጀመረ። ያቺን የናቃትን መለኪያ ከመሳቢያው ታች አወጣ፣ አቧራዋን በእጅጌው ጠረገ፣ በየእግሩ ላይ አረፋዋን ጠየቀ። ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየውን የወንበሯን ሆድ ሳይቀር በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ዓርብ ሚስቱ ሻይ ይዛለት ገባችና ግንባሩን ዳሰሰች።

"አመመህ?"

"ደስ ብሎኛል።"

"ማን ምን አዘዘህ?"

"ማንም።"

እሷም ሻዩን አስቀምጣ ከሌላኛው ጫፍ መፈግፈግ ጀመረች። ቅዳሜ ቀትር ላይ አዳራሹ ባዶ ሳለ ሁለቱ በጋሪ ወስደው አስገቧት፤ አሮጌዋን ይዘው ወጡ።

እሑድ አስተናባሪው ስለ ወንበሯ አንድም ነገር አላለም፤ ከየት ያውቃል? ውሃ ልክ ግን በልማድ ሦስት ጊዜ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ሦስቴም ሚስቱ ኮቱን ጎትታ መለሰችው። እማማ አዋላጅ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ተቀመጡ። ወደ ግራ ለማዘንበል ተዘጋጅተው ጠበቁ፤ አላዘነበሉም። ወደ ቀኝ ሞከሩ፤ እሱም የለም። ከዚያ ብድግ አሉና ለጉባኤው ሁሉ መሰከሩ።

"ተፈወስኩ። አራት ዓመት ያዘነበለው ወገቤ ዛሬ ቀና። ያቺ የአክስቴ ስኳር ነበረች፤ ይኸው ይቅር ተባልኩ።"

ጉባኤው አጨበጨበ፣ ከአትሮኖሱም ጀርባ የሰባኪው ግንባር ወዛ። ውሃ ልክ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ስሙ ንጹሕ፣ ወንበሩም ተአምረኛ ሆነው ይቀራሉ። ዳሩ ግን አሮጊቷ ባንዲት ጭብጥ ስኳር አምላክ አራት ዓመት እንዳጎበጣቸው አምነው ሊኖሩ ነው። ሚስቱን አያት። በዚህ ጊዜ ኮቱን ለቃዋለች።

ተነሳ። "እማማ፣ የርስዎ ወገብ ጤነኛ ነበር። የተጣመመው የኔ ወንበር ነው። መጣመሙን እያወቅኩ ነው የሰጠሁት። ሌሎቹንም ዕቃዎች እያወቅኩ ነው።"

ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ የተቀመጠበትን ተመለከተ።

"ታዲያ ስኳሩስ?" አሉ እማማ አዋላጅ።

"ስኳሩ የለበትም እማማ።"

አዋላጇ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አለቀሱ ብለን ደነገጥን፤ ሳቅ ነው። "አራት ዓመት ሙሉ መራራ ቅጠል ጠጣሁ፤ ላንተ ወንበር እግር ነው የጠጣሁለት?" ከዚያ ወዲያ ማንም ራሱን መግታት አልቻለም፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፣ ሰባኪው አትሮኖሱን ይዞ ጎንበስ ስላለ ግንባሩም ጠፋ።

"ይቅር ይበሉኝ" አለ ውሃ ልክ፣ ሳቁ ሲረግብ። "ነገ ሁሉንም ወስጄ እንደ ገና እሠራቸዋለሁ።"

"ይቺንስ ማን ሠራት?"

"እኔ" አለ፣ ስርቆቱን የሚናዘዝ ሰው በሚመስል ድምፅ።

እማማ አዋላጅ መዳፋቸውን ከወንበሯ ሥር ሰደዱ፤ ወዲያ ወዲህ ዳሰሱ፤ ሕፃን ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።

"ሁለታችሁም ኑ" አሉ። "ትበቃናለች።"