ፈትሂያ በስፒከሮቿ የሰማችው

ሬዲዮ፣ ቴፕ ወይም ቴሌቪዥን የተበላሸበት የቡታጅራ ሰው ሁሉ ፈትሂያ ሸረፋ ዘንድ ይሄድ ነበር። ሙያውን የተማረችው ከአባቷ ነው። አባቷ ሲያርፉ ሱቁንም፣ ደንበኛውንም፣ ዝምታቸውንም ወረሰች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። እኔ ከእሷ ሁለት በር አልፎ የፎቶኮፒ ሱቅ ነበረኝ፤ በመካከላችን ልብስ ሰፊው ከማሉ፣ በረድፉ መጨረሻ ደግሞ ዳቦ ቤት አለ። ሁላችንም የአቶ ዘመድኩን ተከራዮች ነበርን።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሐጂ ሳኒ የሚባሉ የመስቃን ነጋዴ፣ አዲስ አበባ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሸጠውን የቤት ዕቃ በአይሱዙ ጭነው መጡ። ከዕቃው መካከል የሰው ቁመት ያላቸው፣ በጣም ቀጫጭን፣ ወንፊት የሚመስሉ ሁለት ጥቁር ሰሌዳዎች ነበሩበት።

«የክፍል መጋረጃ ነው እንዳልል የኤሌክትሪክ ገመድ አለው» አሏት ሐጂ፣ በሯ ላይ አቁመዋቸው።

ፈትሂያ ዞራ ዞራ አየቻቸው። «ሐጂ፣ ይሄ ስፒከር ነው። አባቴ ሲያወራልኝ ሰምቻለሁ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።»

በኋላ ለእኔም አስረዳችኝ። ተራው ስፒከር ውስጥ ማግኔት አለ፤ ማግኔቱ ወረቀቱን ሲገፋና ሲስብ ድምፅ ይወጣል። በእነዚህ ውስጥ ግን ማግኔት የለም። በሁለት ቀዳዳ በቀዳዳ በሆኑ ብረቶች መካከል ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ተወጥሯል። ያ ፕላስቲክ በብዙ ሺህ ቮልት ይሞላል፤ ብረቶቹ ደግሞ በሙዚቃው ልክ ወዲህና ወዲያ ይስቡታል። በጣም ቀላል ስለሆነ የዘፋኙ ትንፋሽ እንኳ አያመልጠውም።

አንደኛው አይሠራም ነበር። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገውን ክፍል ስትጠግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ስትሠራ ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ምክንያቱን ብጠይቃት «በሁለት እጅ ከነካሁት ኤሌክትሪኩ በልቤ በኩል ያልፋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስትሠራ ካየኋት ሱቋ አልገባም።

ጠግና ስትጨርስ ሰርግ ላይ የተቀዳ የመንዙማ ካሴት ከፈተችልን። መዳፍ ከከበሮው ቆዳ ሲላቀቅ ይሰማ ነበር። ከማሉ ተነሥቶ ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ሄዶ አየ። ሰው የተደበቀ መስሎት ነው።

ሐጂ ሳኒ ቤታቸው ቦታ ስለሌለ ስፒከሮቹን ለእሷው ተዉላት። ሐምሌ ሲገባ ግን ከውስጣቸው ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ፈትሂያ እርጥበት ነው ብላ አደረቀቻቸው፤ አቧራ ነው ብላ ጠረገቻቸው። ድምፁ አልተወም። ኋላ ላይ ሰዓቱን ልብ አለችው። ከሰዓት በኋላ፣ ዳቦ ቤቱ ምድጃውን ሲያበራ ብቻ ነው የሚመጣው። ያኔ ሙዚቃውም ማንም ሳይነካው ከፍ ይላል። በቴስተር የግድግዳዋን ሶኬት ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ መሆን ሲገባው ሁለት መቶ ስድሳ ሁለት ቮልት። ከማሉ ዘንድ ሄዳ ለካች፤ መቶ ሰማንያ ስምንት።

ሕንፃው ውስጥ ሦስት የመብራት መስመር ይገባል፤ የሚመለሱት ግን በአንድ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ሲላላ የአንዱ ሱቅ ኃይል በሌላው ላይ ይጫናል፤ ስፒከሮቹ ጠቅ የሚሉትም ይህ ትርፍ ኃይል ሲደርስባቸው ነው። ጨርሶ ከተበጠሰ ደግሞ ማን ላይ እንደሚወርድ አይታወቅም። መብራቱን ለየሱቁ የሚያከፋፍለው ዋናው ቦርድ ያለው አቶ ዘመድኩን በሚቆልፉት መጋዘን ውስጥ ነው።

«ጋሼ፣ ቦርዱን ይክፈቱልኝ» አለቻቸው፣ እኔም ባለሁበት። «የመመለሻው ሽቦ ላልቷል። እየተቃጠለ ነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ስፒከሮቹ።»

እንዲህ በማለቷ ወዲያው እንደተጸጸተች ፊቷ ላይ አየሁ። አቶ ዘመድኩን ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«በቴስተርም ለክቻለሁ፣ ጋሼ።»

«መብራት ከፍ ዝቅ ማለት ዛሬ ተጀመረ እንዴ? ክረምቱ ይውጣና ሠራተኛ አመጣለሁ።»

በየሱቁ እየዞረች ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን እንድንነቅል ለመነችን። ጥቂት ቀን ነቀልን፤ ከዚያ ሰለቸን። መብራቱን የሚያናውጡት ሰሌዳዎቹ ናቸው፣ ጂን አለባቸው የሚል ወሬም ተነሣ። በመጨረሻ አቶ ዘመድኩን ራሳቸው መጥተው እንድታጠፋቸው አዘዟት። አጠፋቻቸው። የሱቋንም ብሬከር አውርዳ በቀን ብርሃን ብቻ መሥራት ጀመረች። ጠቅ ጠቅታው ስለቆመ ነገሩ ያለቀ መሰለን።

በነሐሴ መጀመሪያ ከመጋዘኑ በኩል የተቃጠለ ዓሣ የሚመስል ሽታ መጣ። ከማሉ አይጥ ሞታ ነው አለ። ፈትሂያ ሽታው የሚቃጠል የሽቦ ልባስ መሆኑን አውቃ ለአቶ ዘመድኩን ስልክ ደወለች። ስልካቸው ተዘግቶ ነበር።

ማግሥቱ የገበያ ቀን ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምፖሌ እንደ ፀሐይ ነጣ፤ ከዚያ ፈነዳ። ፎቶኮፒው ጭስ ተፋ። ከማሉ ዘንድ ደግሞ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል የሚያስተካክለው ሳጥን ነድዶ እሳቱ ጨርቅ ላይ ወጣ። ከማሉ የደንበኞቹን ልብስ ለማውጣት ተመልሶ ገባ።

ያኔ ነው ፈትሂያ ስትጮኽ የሰማሁት። «መጋዘኑን ስበሩት! ቦርዱን አጥፉት!»

ከዳቦ ቤቱ ሁለት ሰዎች ብረት ይዘው ሮጡ፤ በሩን ገነጠሉት። የቦርዱ ውስጥ ግሎ ቀልቶ ነበር። ፈትሂያ የደረቀ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ፣ ግራ እጇን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ገፋችው። የረድፉ መብራት በሙሉ ጠፋ። ከማሉን ጎትተን ስናወጣው ልብሶቹን አልለቀቀም፤ ናይለኑ ቀልጦ ከመዳፉ ጋር ተጣብቆ ነበር።

ጉዳዩን ሊያጣሩ የመጡት መርማሪዎች የመመለሻውን ሽቦ ጫፍ ከሰል ሆኖ አገኙት። አቶ ዘመድኩን ግን እስከ ዛሬ እሳቱን ያስነሡት ስፒከሮቹ ናቸው ይላሉ፤ የሚያምናቸውም አላጡም።

ከማሉ ሁለት ወር ታከመ። የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፤ መርፌ አይዝም። ልንጠይቀው አብረን ስንሄድ «ነግረሽን ነበር» አላት።

«ነግሬያችሁ ነበር» አለች ፈትሂያ፣ ወለሉን እያየች። «ግን ቀስ ብዬ ነው የነገርኳችሁ።»

ሳቄን ታስታውሰው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

ጥቅምት ላይ ዕቃዋን ጭና ወልቂጤ ገባች። ሰሌዳዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን መኪናው ላይ ያቆምናቸው እኔና ሹፌሩ ነን። አሁን እዚያ ሬዲዮና ስልክ ትጠግናለች። ስፒከሮቹን እስካሁን እንዳልሰካቻቸው ነግራኛለች።

የአቶ ዘመድኩን ሕንፃ ቀለም ተቀባ። ሌላ ቦታ ስላላገኘሁ እኔ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። አዲስ ቦርድ ተገጥሟል ብለውኛል። መጋዘኑ ተቆልፏል፤ እኔም ክፈቱልኝ አላልኩም።