የዘንድሮው የጽጌ ጾማችን

ዘንድሮ ቤታችን ጽጌን ጾመ። ግዴታ ያልሆነ፣ ፈቃደኛ ብቻ የሚጾመው የጥቅምት ጾም ነው። እኔ ደግሞ ሁዳዴን እንኳ እያጉረመረምሁ የምጨርስ ሰው ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ልጃችን ታይፎይድ ታማ ከተነሳች በኋላ ነው። ነርሷ «እንቁላልና ወተት አይለያት» አለችን። አይለያት! የመንግሥት ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከጤፍ ተርፎ እንቁላል ላይ የሚደርስበትን ቀን እኔም አላውቀው። መጀመሪያ ሰሞን ለሁላችን ገዛን። ከዚያ ለእሷ ብቻ ገዛን። ከዚያ ባለሱቁ ዋጋውን ሲነግረኝ «ነገ እመለሳለሁ» እያልሁ መውጣት ጀመርሁ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ባለቤቴ ሽሮውን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ለምን ጽጌን አንጾምም?» አለችኝ። ገባኝ። እሷም እንደገባኝ ገባት። «ደግ ነው» አልኋት። ልጅቱ «እኔም እጾማለሁ!» ብላ ዘለለች። አንቺ ገና ከሕመም መነሳትሽ ነው ያላት የለም። እግዜር ይቅር ይበለን።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ከአምባ ጊዮርጊስ መጡ። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴም አጎቴም እሳቸው ናቸው፤ «አያ» ነው የምላቸው። ከሚኒባስ ወርደው የቁስቋምን ዳገት በእግራቸው ወጥተው ደረሱ። ዘንቢላቸው ውስጥ በጭድ የተደላደለ እንቁላል፣ በላዩም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ነበር። የልጄ ዓይን እዚያው ዘንቢሉ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ ሩዝ የበዛበት እንጀራና ሽሮ አቀረበች። አያ ሽሮውን አዩ፣ ዘንቢሉን አዩ።

«ምነው፣ ከቅቤው ጠብ ብታደርጊበት?»

«ጽጌን እየጾምን ነው፣ አያ።»

«ልጅቱም?»

«እሷም።»

አያ ብድግ ብለው አማተቡ። «ሸጋ! ሸጋ ነው! ከተማ ገብተው ሃይማኖታቸውን ረሱ እያሉ ሲያሙብኝ ነበር እኮ!» መረቁን። ምርቃታቸው ደግሞ ረጅም ነው፤ ዓይኔን ከዘንቢሉ ሳልነቅል «አሜን» እላለሁ። ሲጨርሱ ዘንቢሉን አነሱ። «ቅቤው እስከ ፍቺው ይቆያል። እንቁላሉ ግን ይበላሻል። ና፣ ገበያ እናውጣውና ዘይት እንግዛበት።»

ባለቤቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ልጄ ምራቋን ዋጥ አደረገች። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ግን የተማረ፣ ደመወዝተኛ፣ የዘመድ መመኪያ እየተባልሁ «ለልጄ እንቁላል መግዛት አቃተኝ» የሚለው ቃል ከየት ይውጣልኝ? ዘንቢሉን ተሸክሜ ተከተልኋቸው።

ባለሱቁ በሩ ላይ ቆሟል። አያ አላስቻላቸውም። «ልጆቼ ሕፃኗ ሳትቀር ጽጌን ይጾማሉ!» አሉት። እሱ ወደ እኔ አየና «በርቱ» አለ፤ ሳቁን እንደምንም ዋጠው። ምናለ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ጥቂት እንደሄድን ዘንቢሉን መሬት አስቀመጥሁ።

«አያ፣ ጾም አይደለም» አልኋቸው።

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«አጥተን ነው። ልጅቱ ታማብን ነበር። እንቁላል አብሏት ተባልን፣ አቃተን።»

ቁጣ ጠበቅሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

«እኔስ ይሄን ከምን ያመጣሁት መሰለህ?» አሉ ቀስ ብለው። «የማዳበሪያው ዕዳ ያለንን ሁሉ ጠርጎ ወሰደው። ባዶ እጄን ደግሞ እንዴት የወንድሜ ልጅ ቤት ልግባ? የልጅ ልጆቼን ‹ዘንድሮ ጽጌን ጹሙ› አልኋቸውና ከአፋቸው ሰብስቤ መጣሁ።»

«እንግዲያ መልሰው ይውሰዱላቸው» አልሁ፣ ድምፄ ለራሴም ሳይሰማኝ።

«ተው አንተ! የታመመች ልጅ እያለች?» ተነሱ፣ ጭድ ከጋቢያቸው አራገፉ፣ ወደ ቤት ዞሩ።

ባለቤቴ እንቁላሉን በቅቤ ጠበሰችው። አያ አልቀመሱም። ልጄ በላች፣ ሳህኑን በጣቷ ጠረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችን። አምባ ጊዮርጊስ ያሉት ልጆች በዚያች ሰዓት ጾም መስሏቸው ደረቅ ሽሮ እንደሚበሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ፣ አያ ፊት፣ «ጨምሪላት» አልኋት ባለቤቴን።