ዘሃራ ምድጃው ውስጥ ያስቀመጠችው ቀለበት

ባለፈው ሳምንት በማስተምርበት ተቋም ቤተ ሙከራ አንድ ወጣት ባልደረባዬ የሸክላ ማቃጠያውን ምድጃ ከፍቶ የምሳ ዕቃውን ሲያወጣ አየሁት። «እዚህ ጉንዳን አይደርስበትም እኮ ጋሼ» አለኝ እየሳቀ። ልስቅለት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።

አሶሳ የተመደብኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። ስደርስ ግንቦት ነበር፤ ማንጎው በየደጁ ረግፎ የሚያነሳው ያጣበት ወር። ከባምባሲ ወዲህ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኖ አውቶቡሱን ወርደን ገፋነው። ልብሴ ላይ የቀረውን ያንን ቀይ ቀለም ምንም ሳሙና አላስለቀቀውም።

ቤተ ሙከራችን ከሸክላና ከኤሌክትሮኒክስ አዳዲስ መሣሪያዎች የሚሞከሩበት ነበር። ኦሲሎስኮፑ፣ መበየጃው፣ የጭቃ ማቡኪያው ሁሉ መጥቷል። ትልቁ ዕቃ ግን ሸክላ የሚቃጠልበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ እሱን የሚችል መስመር ስላልተዘረጋ ክረምቱን ሙሉ ያለ ሥራ ቆመ። ግን ሥራ ፈትቶ አልከረመም። የአሶሳን ምስጥ ያላየ ሰው ስለ ምስጥ ባያወራ ይሻላል፤ መጽሐፎቻችንን በላ፣ የጠረጴዛውን እግር በላ፣ የእኔን የቆዳ ቦርሳ አጋመሰው። በጡብና በብረት የተሠራውን ምድጃ ብቻ አልደፈረም። ስለዚህ ምድጃው ቁምሳጥናችን ሆነ። ስኳሩም፣ ጋዋኑም፣ ጫማውም እዚያ ነው፤ የመጣ ሁሉ የሌላውን እየገፋ የራሱን ይከታል። ቁልፍ ስላለው ደግሞ ከቤታችን ይልቅ እሱን አመንነው።

ቴክኒሻናችን ዘሃራ የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ በእኔ ዕድሜ፣ ቀልድ አዋቂ። ስለ ምስጡ ባማረርኩ ቁጥር «እሱ ነው ያገሩ ሰው፣ አንተ እንግዳ ነህ» ትለኝ ነበር። ሠርጓ ተቃርቧል። እናቷ ወንዝ ዳር ወርቅ ስታጥብ የኖረች ሴት ነበረች፤ ለልጄ ብላ ካጠበችው ቀለበት አሠርታላት፣ ሠርጉን ሳታይ ሞተች። ዘሃራ የተከራየችው ክፍል ግድግዳ ቀርከሃና ጭቃ ነው፤ ሌባ ፈራች። ቀለበቱን ለማንም ሳትነግር ምድጃው ውስጥ፣ ከኋለኛው የሸክላ መደርደሪያ ስር ሸሸገችው።

አንድ ዓርብ መስመሩን የሚዘረጋው ኢንጂነር ከአዲስ አበባ መጣ። ዘሃራ ለጁምዓ፣ እኛ ቁልፉን ትተንለት ለምሳ ወጥተናል። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ሊያስደስተን አሰበ መሰለኝ፣ ዕቃችንን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከመረ፤ አድርቀን ያቆየናቸውን የሸክላ ናሙናዎች ደርድሮ ምድጃውን አበራ።

ዘግይተን አሥር ሰዓት ገደማ ስንመለስ ዘሃራ ቀድማኝ ገባች። መጀመሪያ ያየችው ክምሩን ነው። ጋዋኖቹን እያነሳች ጣለች፣ ከስራቸው ምንም የለም። ፊቷ አመድ መሰለ። የምድጃውን በር በባዶ እጇ ልትከፍት ስትል ያዝኳት። ነገሩን በጭንቅ ነገረችን።

ኢንጂነሩም ደነገጠ፤ ግን ቶሎ ራሱን ያዘ። ምድጃውን አጠፋና የሙቀቱን ቁጥር አሳያት። ወርቅ የሚቀልጠው ከሺህ ዲግሪ በላይ ነው፤ ይኸው ገና ዘጠኝ መቶም አልሞላ። አሁን ከተከፈተ ጡቡ ይሰነጠቃል፤ ነገ ይወጣል፣ ምንም አይሆንም አላት። ቁጥሩን እኔም አየሁት፤ አምኜው ተነፈስኩ። እሷ ግን እስኪመሽ ከምድጃው ፊት አልተነሳችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ በሩ ሲከፈት ናሙናዎቹ እንደ ሰም ጎብጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ይህ በዘጠኝ መቶ ዲግሪ የሚሆን አይደለም። ሙቀቱን የሚለካው ሽቦ ዕቃ ስንከትና ስናወጣ ተገፍቶ ጡቡ ውስጥ ተወሽቋል፤ ሲለካ የዋለው የእሳቱን ሳይሆን የግድግዳውን ሙቀት ነው። መደርደሪያውን ስናነሳ ጡቡ ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቢጫ ጠብታ ተጣብቃለች።

«ወርቅ በእሳት ይፈተናል እንጂ አይጠፋም» አለ ኢንጂነሩ። «ልኩ እንዳለ ነው፤ አንጥረኛ መልሶ ይሠራዋል።»

ዘሃራ ጠብታዋን በጥፍሯ ፍቃ መዳፏ ላይ አኖረቻት። አላለቀሰችም። ለእኔ ብቻ ይመስል በዝግታ አለች፦ «መዳብ ይኖርበት ይሆን ብላ እናቴ ነክሳው ነበር። የጥርሷ ምልክት ይታይ ነበር። ማታ ማታ በጣቴ እዳስሰው ነበር።»

በሕይወቴ እንደዚያ ክው ብዬ አላውቅም። ስንጨነቅለት የዋልነው ለወርቁ ነበር። ወርቁማ ይኸው መዳፏ ላይ አለ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተዳረች። ሠርጉ ላይ ጣቷ ባዶ መሆኑን አይቼ ስጠይቃት አንጥረኛው አልደረሰልኝም አለችኝ። አመንኳት። በበዓል በበዓል እየተደዋወልን ይህን ሁሉ ዓመት ኖርን፤ ስለ ቀለበቱ ግን አንስተን አናውቅም።

ባለፈው ሳምንት፣ ያንን ወጣት ካየሁ በኋላ፣ ደወልኩላት። ዛሬ የልጅ ልጅ አላት። ስለ ምስጡ ተሳሳቅን፤ ከዚያ ቀለበቱ መጨረሻ ምን ሆነ አልኳት።

«አንጥረኛው ጋ ወሰድኩት» አለች። «ንጹሕ መሆኑን ልይ ብሎ ወደ አፉ አደረገው። ቀማሁት፤ ወጣሁ።»

«እና አሁንስ?»

«እኔ ጋ ነው። ማንም አልነከሰውም።»