ያልተለሰነው ቤት

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ የመጡ ቀን፣ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ቤታችንን ቀና ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ሰውየው ልስኑ ላይ ሲደርስ ገንዘብ አለቀበት እንዴ?» አሉኝ። ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ጡቡ ፈጦ የሚታይ ቤት በአባቴ ዓይን ያላለቀ ቤት ነው። ከባሌ ከተለያየሁ ጀምሮ «ልጄ ብቻዋን በሰው አገር» እያሉ እንቅልፍ ያጡ ሰው፣ ጭራሽ እርቃኑን የቆመ ቤት ውስጥ ሲያገኙኝ አንጀታቸው አረረ።

ቤቱ ሬንተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሜዳው በሙሉ እርሻ በነበረበት ዘመን የተሠራ የገበሬ ቤት። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ልጄን ይዤ ስገባ ግን ዙሪያውን መጋዘንና አፓርትመንት ውጦታል። አከራዬ እዚያው ቤት ውስጥ ተወልደው ያደጉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሚስታቸው ሲሞቱ ጎረቤት ከተማ ቡሪየን ልጃቸው ጋ ገቡ። ሌላው አከራይ ሁሉ የዕዳ ታሪኬን፣ ክሬዲቴን እያየ ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ እሳቸው «ምድጃው ትንሽ ያጨሳል፣ ቻዪው» ብለው ቁልፉን እጄ ላይ አኖሩልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፉ አይንካቸው!

አባቴ በመጡበት ሰሞን ግን ጭንቅ ላይ ነበርን። አንድ ኩባንያ ቤቱን አፍርሶ አፓርትመንት ለመሥራት የሽማግሌውን ልጆች አባብሎ ጨርሷል። ሽማግሌው ደግሞ ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብላቸው አመልክተዋል። የሚመዘገበው የጥንት መልኩን እንደያዘ ከተገኘ ነው። ከተመዘገበ አይፈርስም፤ እኔና ልጄም መጠጊያ አናጣም። ካልተመዘገበ ሻንጣችንን ማንሳት ነው። የከተማው ሰዎች ሰኞ መጥተው ሊያዩት ቀጠሮ ያዙ።

ይህንን ለአባቴ አንድ በአንድ አስረዳሁ። እሳቸው ከወሬዬ ሁሉ የያዙት አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ሰኞ ትልልቅ እንግዶች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። እንግዳ እየመጣ ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ አባቴ አያውቁበትም።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ደጄ በመኪና ተጨናንቋል። ፓርክ የማደርግበት እንኳን ጠፋ። አባቴ በመጡ በሳምንታቸው የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ግማሹን ወዳጅ አድርገውት ስለነበር፣ ደቦ ጠርተዋል! ታክሲ ነጂው፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ አንድ ኢንጂነርም ሳይቀር ሱሪውን ሰብስቦ ሲሚንቶ ያቦካል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከመስኮቱ በታች ግራጫ ሆኗል።

«ሰርፕራይዝ፣ እህቴ!» አለኝ ታክሲ ነጂው። «ሶ፣ የኋላውን ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንጨርሰዋለን።»

«ወይኔ ጉዴ! ምን ሆናችኋል እናንተ ሰዎች?» ጩኸቴን ለቀቅኩት።

አባቴ ግንባራቸው ላይ የተረጨውን ሲሚንቶ እየጠረጉ፣ «እንግዳ ሳይመጣ ላልብሰው ብዬ ነው እንጂ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ። ወዲያው ለሽማግሌው ኮል አደረግኩ።

ሽማግሌው ሲደርሱ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። መዳፋቸውን እርጥቡ ልስን ላይ አድርገው ጡቡን ከዚሁ ሜዳ ጭቃ የሠሩት አያታቸው መሆናቸውን ነገሩን። የተጠረበ ድንጋይ አይደለም፣ ለስላሳ ነው፤ እርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ከታፈነ ውሃው ውስጡ ይቀርና ውርጭ ሲመታው ይፈረፈራል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቃል በቃል እተረጉማለሁ፣ የደቦው ሰው ሁሉ ባልዲውን ይዞ አቀርቅሯል።

«አያታቸው ብቻቸውን ነው ወይ የገነቡት በያቸው» አሉኝ አባቴ።

ጠየቅኳቸው። ብቻቸውን አልነበረም። የአካባቢው ገበሬ የራሱን ሥራ እያቆመ እየመጣ ነው ያቆመላቸው፤ የሳቸው ድርሻ ሰውን መመገብ ነበር።

«ደቦ ነዋ!» አሉ አባቴ። ግድግዳውን ገና ዛሬ ያዩት ይመስል ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ወረወሩና፣ «በሉ ልጆች፣ ሳይደርቅ! ውሃ አምጡ!» ብለው የመጀመሪያውን ብሩሽ ራሳቸው አነሡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እንዲህ ነው። አንዱ በጎማ ውሃ ይረጫል፣ ሌላው ይፈትጋል፣ ሽማግሌው ጡቡ እንዳይጎዳ በእጃቸው እያሳዩ ይመራሉ፣ እኔ ባልተረጎምኩት ወሬ እንኳ ይግባባሉ። ሲመሽ ቀይነቱ ተመልሶ ወጣ። ሰዉን ሁሉ የተቆጣሁትን ያህል እየዞርኩ አመሰገንኩት፤ እውነቴን ነው፣ እንዲህ የሚመጣልኝ ሰው እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ሽማግሌውም አብረውን ነበሩ። እየዞሩ ፎቶ አነሡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን ነካኩ። አንዲቱ ሴትዮ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ጋ ቆም ብላ፣ «ይህኛው ለምንድን ነው ከሌላው ሁሉ የጠራው?» አለች። አባቴ እንግሊዝኛ ባይገባቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ሽማግሌው አባቴን አዩና፣ «ቤተሰቦቼ እንግዳ ይመጣል ብለው ቅዳሜ አጠቡልኝ» አሏት።

ቤቱ ከወራት በኋላ ተመዘገበ። ዛሬም ቆሟል፤ እኔም እዚያው ነኝ፣ ተመስገን። አባቴ ግን ውጤቱን አልጠበቁም። እንግዶቹ እንደሄዱ እጄን ይዘው፣ «ሰውየው ምን ነበር ያሏት?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ቤተሰቦቼ አሉ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በይ እንግዲህ» አሉኝ፣ «አሁን ሳልሰጋ አገሬ እገባለሁ።»