ጋሼ ሀሰኖ ያረሙት ዓመት

ነቢላ አሰላ ከተማ ተቀምጣ ፕሮግራም የምትሠራ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ጉራዋ ግን ከጉብዝናዋ ይቀድማል። ለበቆጂ ገብስ ገበሬዎች ማኅበር የሚዛን ፕሮግራም ሠርታ ስትጨርስ፣ ኮዱን የትም ኮምፒውተር ላይ እንደገና ቢሠሩት ነጥብ እንኳ እንደማይለወጥ፣ ከተለወጠ ሥራውን ለሌላ እንዲሰጡት በጉባኤ ፊት ፎከረች። ምን አስፎከራት! ማኅበሩ ቃሏን ይዞ የፈተና ቀን ቀጠረላት።

ፈታኙ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሊቀመንበሩ ጋሼ ሀሰኖ፣ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት። ያኔ መልሱን አግኝታ አሠራሩን ስላላሳየች ዜሮ ሰጥተዋታል፤ እሷም ያቺን ዜሮ እስከ ዛሬ አልረሳችም። ሰውየው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ባይ ናቸው። በሚዛን ስንት ጊዜ የተበላ ገበሬ አለና አይፈረድባቸውም።

ነቢላ ኔትወርክ አታምንም። ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ፓኬጆች፣ ማለትም አጋዥ ኮዶች፣ አንድ ሳይቀር በፍላሽ ሰንቃ፣ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። በማኅበሩ ኮምፒውተር ላይ ዓይናቸው እያየ ሠራችውና አሻራውን ከራሷ ላፕቶፕ አሻራ ጋር አስተያየች። አሻራ የሚሉት ከፕሮግራሙ የሚወጣ ረጅም ቁጥር ነው፤ ውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። አልገጠመም። ደገመችው፤ አልገጠመም። ጋሼ ሀሰኖ ያልተፈረመውን የሥራ ውል ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ላብ በላብ ሆና ስትፈልግ ልዩነቱ አንድ መስመር ላይ ተገኘ። ለጉራዋ ብላ «ነቢላ ሠራችው» ከሚለው ሥር ዓመቱን ከኮምፒውተሩ አንብቦ እንዲጽፍ አድርጋ ነበር። የእሷ 2026 ይላል። የማኅበሩ ግን 2018፤ ጋሼ ሀሰኖ የፈረንጅ ዓመት እዚህ ምን ይሠራል ብለው የኮምፒውተሩን ቀን በገዛ እጃቸው አርመውታል።

ላስተካክለው ብትል፣ «ዘንድሮ ስንት ነው?» አሏት ቆፍጠን ብለው።

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታስተካክዪው?»

የትም ይሠራል ብላ የፎከረችው ራሷ ናት። ሳቋ እያመለጣት ያቺን የጉራ መስመር ከነስሟ ሰረዘችና በሁለቱም ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሠራችው። አሻራው ከዳር እስከ ዳር ገጠመ።

ጋሼ ሀሰኖ ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ከኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው ውሉ ላይ ፈረሙ፤ ከፊርማቸው ጎን «አሠራሩ ታይቷል፣ 10/10» ብለው ጻፉ። ነቢላ ወረቀቱን ስትቀበል ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሥራውን ስላገኘች አይደለም፤ ያስለቀሰቻት ያቺ ዜሮ ናት።