ቀይ ካፖርት የለበሰችው መንገደኛ

የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ፣ ሟች ባለቤታቸው «ቤቴን ጋራዥ አደረግከው» እያለች ትቀልድባቸው ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ከዚያች ክፍል ለቆ አያውቅም። ጡረተኛው ትኬት ቆራጭ ዛሬም ለመጫወቻ ባቡራቸው ጣቢያ ጥፍር የምታህል አሮጌ የፕላስቲክ ሴት እየቀቡ ነው።

«ማናት አባዬ?» አለች ልጃቸው።

«እናትሽ ናታ። በቀይ ካፖርቷ።»

«አረንጓዴ እኮ ነው የቀባሃት።»

ዓይናቸው ቀለም መለየት ከተሳነው ሰንብቷል። ከታወቀ በልጆቻቸው «ብቻህን አትኖርም» ተብለው ከቤታቸው እንዳይወሰዱ፣ የቀለም ጣሳዎቹን በተቀመጡበት ቦታ እየለዩ ደብቀውት ነበር።

«ጣሳዎቹን ማን ነካቸው?»

«እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳጸዳ በየቁመታቸው ደረደርኳቸው።» ይህን እንዳለች ነገሩ ገባት።

«እናትሽም አረንጓዴ ያምርባት ነበር» አሉ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ።

ብሩሹን ከእጃቸው ወስዳ አስቀመጠችና፣ ደህና ዋል እንኳ ሳትላቸው ለወንድሟ እየደወለች ወጣች።